የደበዘዘ የፊት መብራት ሽፋን፦ የአንዲት የኮዬ ፈጬ ቪትዝ የጉዳይ ጥናት

መኪናዋ እ.ኤ.አ. የ2001 ሥሪት፣ ባለ 1 ሊትር ቶዮታ ቪትዝ ናት። ባለቤቷ የኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነዋሪ ናቸው፤ ጎህ ሳይቀድ ወጥተው ከመሸ በኋላ በቱሉ ዲምቱ በኩል ይመለሳሉ። ከዋናው አስፋልት እስከ ብሎካቸው ያለው መንገድ ማታ ጨለማ ነው። ዳር ዳሩን እግረኛ ይሄድበታል፤ አሸዋና ጠጠር የጫነ ሲኖትራክም አይጠፋበትም። ኅዳር ላይ መኪናቸውን ለዓመታዊ ምርመራ ሲያዘጋጁ ወደ ጋራዥ ይዘው የመጡት ጥያቄ አንድ ነበር፦ «ወንድሜ፣ ረጅሙን አብርቼ እንኳ ጉድጓዱ የሚታየኝ ከገባሁበት በኋላ ነው። መብራቱ ይቀየር ወይስ ይጸዳል?»

ከፊት ቆሞ ላያቸው ሁለቱም መብራቶች አንድ ዓይነት የደበዘዙ ይመስላሉ። ሲመረመሩ ግን የግራው በሽታ ሌላ፣ የቀኙ ሌላ ሆኖ ተገኘ፤ ሦስተኛው ችግር ደግሞ ከሽፋኑ ጋር ምንም አይገናኝም። ይህ ጉዳይ ተጽፎ እንዲቀመጥ የተፈለገውም ስለዚህ ነው። የደበዘዘ መብራት ሲመጣ ቶሎ የሚነሣው ብርጭቆ ወረቀት ነው፤ ሲብስም ቲነር። አስቀድሞ የሚመረምር ጥቂት ነው። ሽፋኑ ከጠራ በኋላ ምን እንደሚቀባበት የሚጨነቅ ደግሞ ከዚያም ያንሳል፤ ሥራው ዓመት ይቆይ ወይም ወር የሚወሰነው ግን እዚያ ላይ ነው።

ሽፋኑን የሚገድለው ምንድን ነው?

የፊት መብራቱን ሽፋን ብዙ ሰው መስታወት ይበለው እንጂ ፖሊካርቦኔት የሚባል ፕላስቲክ ነው። ቀላልና ጠንካራ ነው፤ ጠጠር ሲመታው እንደ መስታወት አይረግፍም። ሁለት ድክመት ግን አለበት፦ ቶሎ ይጫጫራል፣ የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረርም ያቢጨዋል። ስለዚህ ፋብሪካው ከላዩ ጨረር የሚያግድና ጭረት የሚችል ስስ ጠንካራ ልባስ ይቀባዋል። መጀመሪያ የሚሞተው ይህ ልባስ ነው። ፀሐይ ያደርቀዋል፣ አቧራና ጠጠር ይሸረክተዋል፤ ከዚያ ይሰነጠቅና እንደ ቅርፊት ይነሣል። በተነሣበት ቦታ ጨረሩ ራሱን ፕላስቲኩን ያገኘዋል።

የእኛ አገር ከፍታ ደግሞ ነገሩን ያፋጥነዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በየ1000 ሜትሩ ከፍታ የአልትራቫዮሌት መጠን ከ10 እስከ 12 በመቶ ይጨምራል። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2000 ሜትር በላይ ናቸው፤ ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆናችንም ፀሐይዋ አናት ላይ ነው የምትወጣው። ይህች ቪትዝ ደግሞ ባለቤቷ ቀን በሚውሉበት ጣሪያ በሌለው ግቢ ውስጥ ዓመታት ቆማለች። ሁልጊዜ አንድ ቦታ ስለምትቆም ከሰዓት በኋላ የአጠገቡ ሕንፃ ጥላ ቀኝ ጎኗን ይሸፍናል፣ ግራው ግን ለፀሐይ ይጋለጣል። የግራው ሽፋን የላይኛው ሲሶ ቢጫ ሆኖ የተላጠው፣ የቀኙ ግን ወተት መሳይ ደብዛዛ ሆኖ የቀረው በዚህ ምክንያት ይመስላል። ወደ ሰማይ የሚያየው የሽፋኑ የላይኛው ክፍል በማንኛውም መኪና ላይ ቀድሞ ይጎዳል።

ምርመራው

ሽፋኖቹ በሳሙና ታጥበው ከተወለወሉ በኋላ የመጀመሪያው ፈተና ውሃ ነበር፤ ይህን ማንም ሰው ቤቱ ሊሠራው ይችላል። በደረቅነቱ የደበዘዘ ሽፋን ላይ ውሃ ሲፈስበት ድንገት ከጠራ ጉዳቱ የውጭው ገጽ ላይ ነው፤ ውሃው ሸካራውን ገጽ ስለሚሞላው ነው የሚጠራው። ረጥቦም ከደበዘዘ ችግሩ ከውስጥ በኩል ነው፣ ወይም ስንጥቁ ወደ ፕላስቲኩ ዘልቋል።

የግራው ሲረጥብ ቢጫው በብዛት ጠፋ። ነገር ግን ከሥሩ እንደ ሸረሪት ድር የቀጠኑ መስመሮች ቀሩ። በእጅ ባትሪ ከጎን ሲበራባቸው ብልጭ ይላሉ፣ በጥፍር ሲዳሰሱ ግን አይያዙም፤ ማለትም ከላዩ አይደሉም፣ ፕላስቲኩ ውስጥ ናቸው። ባለቤቷ ሲጠየቁ ቀደም ሲል መኪና ማጠቢያ ቦታ በቲነር ተወልውሎላቸው «የዚያን ቀን እንደ አዲስ አብረቅርቆ ነበር» አሉ። ቲነር፣ አሴቶንና ቤንዚን ፖሊካርቦኔትን ያለሰልሱታል፤ በቅርጹ ውስጥ ታፍኖ የቆየው ውጥረትም በስንጥቅ መልክ ይወጣል። እንዲህ ያለ ስንጥቅ በብርጭቆ ወረቀት አይጠፋም። በየጊዜው ከሚሰማው ውስጥ የጥርስ ሳሙና ከዚህ ይሻላል፤ የሚፍቅ ደቃቅ ዱቄት ስላለበት የላዩን ጭጋግ ይገፋል። ግን ምንም መከላከያ አይተውም፣ ከሳምንታት በኋላ ይመለሳል። የወባ ትንኝ መከላከያ ቅባት የሚያበራው ዲት የተባለው ኬሚካል የፕላስቲኩን ገጽ ስለሚያለሰልሰው ነው፤ እሱም ከቲነር ወገን ይቆጠር። በእንፋሎት የሚሠራው ዘዴም፣ ፈሳሹ ክሎሮፎርም ወይም ዳይክሎሮሜቴን ከሆነ፣ ገጹን አቅልጦ ያበራዋል እንጂ ጨረር የሚያግድ ነገር አይጨምርበትም፤ ለሚተነፍሰው ሠራተኛም መርዝ ነው።

የቀኙ ሲረጥብ ውጩ ጠራ፣ ከውስጥ ግን ግራጫ ስስ አቧራ ታየ። ከኋላ ሲታይ አምፖሉን የሚሸፍነው የጎማ ቆብ የለም። አምፖል ሲቀየር ተነቅሎ ሳይመለስ ቀርቷል፤ በዚያ ክፍት የኮዬ መንገድ አቧራና የክረምት እርጥበት ሲገባበት ኖሯል። አምፖሉ ራሱ 100/90 ዋት (ለረጅሙና ለአጭሩ መብራት) ሆኖ ተገኘ፤ የመኪናዋ ትክክለኛ ኤች 4 አምፖል ግን 60/55 ዋት ነው። የሶኬቱ ፕላስቲክ በሙቀቱ ቡኒ መሆን ጀምሯል። ሽፋኑ ሲደበዝዝ ኃይለኛ አምፖል መግዛት የተለመደ ነው፤ ውጤቱም የቀለጠ ሶኬትና በሙቀት የጨሰ አንጸባራቂ ነው። በደበዘዘ ሽፋን ውስጥ የተጨመረው ብርሃን ወደ አስፋልቱ ሳይሆን ወደ ተቃራኒው ሾፌር ዓይን ነው የሚበተነው።

ሦስተኛው ችግር የኤሌክትሪክ ነበር። ሞተሩ እየሠራ፣ መብራቱ በርቶ ባትሪው ላይ 13.9 ቮልት ተለካ፤ የግራው አምፖል ሶኬት ላይ የደረሰው 12.4 ብቻ ነው። ሃሎጅን አምፖል በዚህ በኩል ይቅርታ አያውቅም፤ ቮልቴጁ 10 በመቶ ሲወርድ ብርሃኑ 30 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ምክንያቱ ከቦዲው ጋር የሚታሰረው የኔጋቲቭ ገመድ ጫፍ መዛጉ ነበር። ብሎኑ ተፈቶ፣ የዛገው ተፍቆ፣ ቫዝሊን ተቀብቶ ሲታሰር 13.5 ቮልት ደረሰ። ይህ የአሥር ደቂቃ ሥራ ሽፋኑ ሳይነካ በፊት ለግራው መብራት የሰጠው ጥቅም በዓይን የሚታይ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ መታየት ነበረበት። መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ የተዞረ መኪኖች አንዳንዴ በመንገዱ ግራ ለሚነዳበት አገር የተሠራ መብራታቸውን እንደያዙ ይመጣሉ። አጭሩ መብራት ግድግዳ ላይ ሲበራ ወደ ላይ ከፍ የሚለው የብርሃኑ ጠርዝ በቀኝ በኩል መሆን አለበት፤ በግራ ከሆነ ለተቃራኒ መኪና ነው የሚያበራው። እንዲህ ያለ መብራት ሽፋኑ በጠራ ቁጥር አደጋው ይብሳል፣ መቀየር ብቻ ነው መፍትሔው። የዚህች ቪትዝ ጠርዝ በቀኝ ነበር።

ውሳኔው

ለባለቤቷ የቀረበላቸው ምርጫ እንዲህ ነው። ሱማሌ ተራ ያገለገለ የፋብሪካ መብራት ይገኛል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን እሱም በፀሐይ የደከመ ነው፣ ተወልውሎ ሊሆንም ይችላል፣ ስለዚህ ከመክፈል በፊት በውሃና በእጅ ባትሪ መፈተሽ አለበት። ኮፒው አዲስ ነው፤ የልባሱ ጥራት ግን ከሠሪ ሠሪ ይለያያል። የአሜሪካው የአውቶሞቢል ማኅበር ትሪፕል ኤ በ2018 ይፋ ባደረገው ሙከራ የደበዘዙ ሽፋኖች አዲስ መብራት ከሚሰጠው ብርሃን 20 በመቶ ያህሉን ብቻ ሲሰጡ፣ የታደሱት 70 በመቶ ገደማ መልሰዋል። ይህን ቁጥር ለደንበኛ አስቀድሞ መናገር ተገቢ ነው፤ ማደስ አዲስ አያደርግም። የቀኙ ሽፋን ለማደስ ጥሩ ነበር። የግራው ስንጥቅ እንደሚቀር ተነግሯቸው ሁለቱም እንዲታደሱ፣ ግራው እስከሚቀየር ድረስ እንዲያገለግል ተስማሙ።

ሥራው

የቀኙ መብራት ከነቤቱ ወጣ፤ ለዚህ ፓራውልቱን (የፊት መከላከያውን) ማላላት ግድ ሆነ። ውስጡን በጨርቅ መወልወል ክልክል ነው። አንጸባራቂው እንደ ጭስ የሳሳ አሉሚኒየም የተነፋበት ስለሆነ በጣት ቢነካ እንኳ ይላጣል። 1 ሊትር ለብ ያለ ውሃ ከ2 ወይም 3 ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ጋር ገብቶበት ተናወጠና ተደፋ፤ ከዚያ ሁለት ጊዜ በዲስቲልድ ውሃ ተለቀለቀ። የቧንቧ ውሃ ሲደርቅ የኖራ ነጠብጣብ ይተዋል። ከባትሪ ቤት የሚገዛው ውሃ አሲድ የሌለበት መሆኑ በደንብ ይጣራ። መብራቱ አፉ ወደ ታች ሆኖ ጥላ ውስጥ አንድ ሙሉ ቀን ደረቀ፤ አዲስ የጎማ ቆብና 60/55 ዋት አምፖል ተገጠመለት። የአምፖሉ ብርጭቆ በባዶ እጅ አይያዝም፤ የጣት ቅባት የነካው ቦታ በሙቀት ይሞታል።

ሽፋኖቹን ለመፋቅ የተገዛው የውሃ ብርጭቆ ወረቀት ቁጥር 400፣ 600፣ 800 እና 1000 ነው፤ ከእያንዳንዱ አንድ አንድ ሙሉ ወረቀት፣ በአራት ተቆርጦ። በዙሪያው ያለው ኮፈን፣ ፓራፋንጎና ፓራውልት በወረቀት ፕላስተር ሦስት ድርብ ተሸፈነ፤ ቁጥር 400 አንዴ ቢያመልጥ ቀለሙን እስከ ስቱኮው ይወስደዋል። ወረቀቱ በጣት ተይዞ አይፋቅም፤ ጣት ቦይ ቦይ ይሠራል። ከጀርባው ጠንከር ያለ የስፖንጅ ቁራጭ ይደረጋል።

ግራው በ400 ተጀመረ፣ በአግድም ብቻ። እዚህ ላይ ዓይን ማረፍ ያለበት የሚወርደው ውሃ ላይ ነው። መጀመሪያ ቢጫ ይወርዳል፤ የሞተው ልባስና በፀሐይ የተቃጠለው ፕላስቲክ ነው። ከዚያ ነጭ ይሆናል፤ ጤነኛው ፕላስቲክ ተደረሰ ማለት ነው። ቦታው ሁሉ ነጭ እስኪያወርድ ድረስ ወደ 600 አይታለፍም። ሽፋኑ በጨርቅ ሲደርቅ ያልተነሣው ልባስ እንደ ካርታ ደሴት ሆኖ ይታያል፤ በተለይ ጠርዝ ጠርዙ ላይ እጅ ስለማይደርስ ይቀራል። ይህ ቅሪት ከተተወ አዲሱ ልባስ ከእሱ ጀምሮ ነው የሚላጠው። የግራው ይህ ደረጃ ብቻ ግማሽ ሰዓት ያህል ወሰደ። ቀጥሎ 600 ሽቅብ ቁልቁል፣ 800 እንደገና በአግድም፣ 1000 በሰያፍ። አቅጣጫው የሚቀያየረው የቀደመው ቁጥር ጭረት ማለቁ እንዲታይ ነው። በየቁጥሩ የባልዲው ውሃ ይቀየራል፤ አንዲት የ400 ቅንጣት በ1000 ሥር ከገባች የምትተወው ጭረት ማታ መብራት ሲበራ ይታያል። ቀኙ ልባሱ ብዙም ስላልተነሣ በ600 ተጀምሮ በዚያው መንገድ አለቀ።

ሥራው 1000 ላይ ቆመ፤ ሽፋኑ ገና ደብዛዛ ነጭ ነው፣ ባለቤቷም ሲያዩት ደንገጥ አሉ። ብዙ ጋራዥ የሚሳሳተው ከዚህ በኋላ ነው። በ2000ና በ3000 አልፎ፣ በኮምፓውንድ (በማወልወያ ቅባት) መስታወት አስመስሎ ያስረክባል። ያን ዕለት ያምራል፣ ግን ፕላስቲኩ ራቁቱን ነው፤ በእኛ ፀሐይ ወራት አይቆይም። ሌላው ደግሞ ካበራው በኋላ ክሊር (ቀለም አልባ የመኪና ልባስ) ይነፋበታል፤ ለስላሳ በሆነው ገጽ ላይ ክሊሩ የሚይዘው የለውም፣ የኮምፓውንዱ ሰምም ይገፋዋል፤ እንደ ፕላስቲክ ከረጢት ይላጣል። የ1000ው ጭረት ክሊሩ ሲሞላው ይጠፋል፣ ለክሊሩም መያዣ ይሆነዋል። በጨርቅ የሚቀባ መከላከያ ከተመረጠ ብቻ ነው እስከ 2000 እና ከዚያ በላይ የሚኬደው፤ እሱ ስስ ስለሆነ ጭረት አይሞላም።

የተመረጠው አልትራቫዮሌት የሚችል ባለ ሃርድነር (ከማጠንከሪያ ጋር የሚደባለቅ) የመኪና ክሊር ነው። ሃርድነር የሌለው የስፕሬይ ጣሳ ክሊር ርካሽ ነው፤ ግን ለስላሳ ሆኖ ይቀራል፣ ፈጥኖም ይቢጫል። ለሁለቱ ሽፋን 60 ሚሊ ሊትር ክሊር ከ30 ሚሊ ሊትር ሃርድነር ጋር በቂ ነበር፤ ሬሾው ከጣሳ ጣሳ ስለሚለያይ የላዩ ጽሑፍ ይነበባል። ከመነፋቱ በፊት በፓራውልቱና በሽፋኑ መሐል የተደበቀው ውሃ በኮምፕረሰር ተነፋ፤ ካልተነፋ ሲረጭ ወርዶ ክሊሩን ያበላሻል። ሽፋኑ ከፋርማሲ በተገዛ ንጹሕ አልኮል ተወለወለ። ለእጅ የሚሆነው ጄል ሳኒታይዘር አይሆንም፣ ቅባት ይተዋል። ቲነር ደግሞ ለምን እንደማይሆን ከላይ ተብሏል።

የዚህ ክሊር ሃርድነር አይሶሳይኔት አለበት፤ የሳንባ ጠንቅ ነው፣ አስም ያመጣል። የወረቀት ማስክ አያግደውም። ከአሠሪዎች የምንጠይቀው ነገር ይህ ነው፦ የኬሚካል ማጣሪያ ያለው ማስክ ሳያቀርቡ ሠራተኞቹን ወደዚህ ሥራ አያስገቡ።

ጊዜው ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ እኩለ ቀን ተመረጠ። የኅዳር ጠዋት ይቀዘቅዛል፣ ክሊሩ አይደርቅም፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ነፋሱ የኮዬን አቧራ ያነሣል። ግቢው በውሃ ተረጨ። ግፊቱ 2 ባር ያህል፣ ርቀቱ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር። የመጀመሪያው ንብር ስስ መሆን አለበት፤ በተለይ ስንጥቅ ባለበት ሽፋን ላይ ብዙ ክሊር በአንዴ ከወረደ በውስጡ ያለው ቲነር ስንጥቁን ያሰፋዋል። ከ10 ደቂቃ በኋላ ሁለተኛው ሞላ ተደርጎ ተነፋ።

ግራው ወዲያው ጠራ። ቀኙ ላይ ግን ክሊሩ በአምስት ስድስት ቦታ ክብ ክብ እየሠራ ሸሸ፤ ቀለም ቀቢዎች የዓሣ ዓይን የሚሉት ነው። መነሻው ሲሊኮን ነው። መኪና ማጠቢያዎች ጎማና ዳሽቦርድ የሚያበሩበትን ስፕሬይ ሽፋኑም ላይ ይነፉታል፤ በጠርዙ ጎማ ሥር ተጠራቅሞ ይቆያል፣ አልኮል ብቻውን አያነሣውም። በእርጥቡ ለመጥረግ መሞከር ነገሩን ያብሳል። እስከ ማግስቱ ተጠብቆ፣ በ1000 ተፍቆ፣ ጠርዙ ጭምር በብሩሽና በሳሙና ሁለት ጊዜ ታጥቦ፣ በአልኮል ተወልውሎ ዳግመኛ ተነፋ። በዚህ ጊዜ ያዘ።

መኪናዋ 24 ሰዓት ጥላ ውስጥ ቆየች፤ ለአንድ ሳምንት እንዳትታጠብ ተነገረ። ከዚያ ጎማዋ ተነፍቶ፣ ሾፌር ተቀምጦባት ከግድግዳ 5 ሜትር ርቃ መብራቷ ተስተካከለ፤ የአጭሩ መብራት ጠርዝ ከአምፖሉ መሐል ቁመት 5 ሴንቲ ሜትር ዝቅ እንዲል። ይህ ሳይደረግ የጠራ መብራት ማስረከብ የሌላውን ሾፌር ዓይን ማሳወር ነው።

ውጤቱና የቀረው

በአንድ ስልክ እየተለካ፣ በአንድ ግድግዳና በአንድ ርቀት በተደረገ ንጽጽር የሁለቱም ብርሃን ከሁለት እጥፍ በላይ ሆነ። የግራው ጭማሪ ከፊሉ የኔጋቲቩ ገመድ ውለታ ነው፤ ለሽፋኑ ብቻ አይሰጥም። ዓመታዊ ምርመራው አለፈ።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ፣ በጋውንም ክረምቱንም ካለፈች በኋላ ስትታይ ቀኙ እንደነበረ ነው፤ ውስጡም ደረቅ ነው። የግራው ክሊር አልተላጠም፣ አልቢጨም። ስንጥቆቹ ግን አሉ፤ የጠዋት ፀሐይ ከፊት ሲመታቸው ይታያሉ፣ ማታም ከብርሃኑ ጥቂቱን ይበትናሉ። የቀኙ ክሊር ሲደክም በ800ና በ1000 ተፍቆ እንደገና ሊነፋ ይችላል። ግራው ዳግመኛ አይፋቅም፤ ባለቤቷ የፋብሪካ መብራት እያፈላለጉ ነው፣ ሲገኝም ከመገጠሙ በፊት አፉ ላይ የጎማ ቆብ መኖሩና ከፍ የሚለው የብርሃኑ ጠርዝ በቀኝ መሆኑ እንዲፈተሽ ተነግሯቸዋል።